አይፒኢው በመጠይቅ ሲታይ ያምራል፤ ምን እንደለወጠ ግን ማሳየት አልቻልንም

አስተባባሪ_12
ጤና ይስጥልን። የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ተማሪዎች አብረው የሚማሩበት ፕሮግራም (አይፒኢ፣ የተለያዩ ሙያዎች የጋራ ትምህርት) አለን። በአንድ ዙር 96 ናቸው፦ 48 ሕክምና፣ 24 ነርሲንግ፣ 12 ፋርማሲ፣ 12 ላቦራቶሪ። በ12 ቡድን ተከፍለው፣ ስምንት ስምንት ሆነው፣ ስድስት ጊዜ ለሁለት ለሁለት ሰዓት ይገናኛሉ። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ሪፕልስ የተባለውን የአመለካከት መጠይቅ እናስሞላለን። አማካዩ ከ5 ውስጥ 4.4 ነበር፤ 4.5 ሆነ። የካሪኩለም ኮሚቴው "ታዲያ ይሄ ለውጥ ነው?" ሲል መልስ አጣን። በዚያ ላይ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ልጆች ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በኋላ ድምፃቸው አይሰማም። ከመለኪያው እንጀምር ወይስ ከፕሮግራሙ?

ቁጥር_አጣሪ
ኮሚቴው እውነቱን ነው። 4.4 ላይ የጀመረ ውጤት ከዚያ በላይ የሚሄድበት ቦታ የለውም፤ ጣሪያ ነክቷል። ሪፕልስ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ፣ በ19 ጥያቄዎቹ የተማሪውን ዝግጁነት ለማየት እንጂ ትምህርቱ ያመጣውን ውጤት ለመመዘን አልነበረም። ደግሞስ "ከሌሎች ጋር መማር ይጠቅመኛል" ሲባል "አልስማማም" ላይ ምልክት የሚያደርግ ተማሪ ከየት ይመጣል?

ለአይፒኢ ተብሎ የተስተካከለውን የኪርክፓትሪክ እርከን (የሥልጠናን ውጤት በደረጃ የሚመድበውን) አውጡና መረጃችሁን ደርድሩበት፦ 1 ስሜት፣ 2ሀ አመለካከት፣ 2ለ እውቀትና ክህሎት፣ 3 ባህሪ፣ 4ሀ የተቋም አሠራር፣ 4ለ ለታካሚ የተገኘ ጥቅም። ያላችሁ ሁሉ 2ሀ ላይ ነው። ወደ 4ለ መዝለል አያስፈልግም፤ 2ለን እና 3ን ብትይዙ ይበቃል።

መጠይቅ ካስፈለገ አይካስን፣ ተማሪው ከሌሎች ሙያዎች ጋር የመሥራት ችሎታውን ራሱ የሚመዝንበትን፣ ሞክሩ። 20 ጥያቄ አለው፤ የሚሞላው መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን "ከሥልጠናው በፊት" እና "አሁን" የሚሉትን ጎን ለጎን ይጠይቃል። ተማሪ መጀመሪያ ላይ የቡድን ሥራ የሚችል ይመስለዋል፤ የማይችለውን የሚያውቀው ሲማር ነው። በፊትና በኋላ ለየብቻ ሲሞላ መስፈሪያው ራሱ በመሃል ይቀየርበታል። አይካስም ቢሆን ጉድ አለው፦ ተማሪው ለውጥ እንደሚጠበቅበት ስለሚያውቅ ልዩነቱን ያጋንነዋል። ስለዚህ ለብቻው ማስረጃ አድርጋችሁ እንዳታቀርቡት።

ሁለት የስሌት ስህተቶችም ከወዲሁ ይታሰብባቸው። አንደኛ፣ የጋራ አማካይ አታውጡ፤ ከ96ቱ ግማሹ የሕክምና ተማሪ ስለሆነ 12ቱ የፋርማሲ ልጆች ቢከፋቸውም ቁጥሩ ውስጥ ይሰጥማሉ። በየሙያው ለዩት። ሁለተኛ፣ በአንድ ቡድን የተቀመጡ ስምንት ሰዎች መልሳቸው ይመሳሰላል። የውስጥ ተመሳሳይነቱ (ከ0 እስከ 1 የሚለካ) 0.1 ቢሆን እንኳ፣ ከአንዱ ሌላ ሰባት ሰው ስላለ፣ 1 + 7 × 0.1 = 1.7 ይመጣል፤ 96ን ለ1.7 ስታካፍሉት 56 ሰው ገደማ እንደጠየቃችሁ ይቆጠራል።

የዋርድ_አስተማሪ
እኔ መጀመሪያ ኬሳችሁን፣ ተማሪዎቹ የሚወያዩበትን የታካሚ ታሪክ፣ አያለሁ። የላቦራቶሪ ልጅ ዝም የሚለው ዓይን አፋር ስለሆነ አይደለም፤ ኬሱ ስለማይፈልገው ነው። ሐኪሙ ብቻውን አንብቦ የሚፈታው ኬስ ከሆነ የቀሩት ታዳሚ ናቸው።

መረጃውን በካርድ በትኑት። ለምሳሌ፦ የሕክምናው ካርድ ላይ ለሽንት ኢንፌክሽን ኮትሪሞክሳዞል የታዘዘላቸው አዛውንት፤ የፋርማሲው ካርድ ላይ ከቤት ያመጡት የመድኃኒት ዝርዝር፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪን ያለበት፤ የነርሷ ካርድ ላይ ጠዋት አፍ ሲታጠቡ ድዳቸው እንደደማ፤ የላቦራቶሪው ካርድ ላይ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳይ ቁጥር) 6.2፣ በጣም ከፍ ያለ፣ ናሙናውም በትክክል እንደተቀዳ። ካርድ መለዋወጥ ክልክል፤ በቃል ብቻ። አራቱ ካልተናገሩ መልሱ፣ ኮትሪሞክሳዞሉ የዋርፋሪኑን ኃይል እንደጨመረው፣ አይመጣም። 10 ደቂቃ ለየብቻ፣ 25 ደቂቃ በጋራ፣ ከዚያ ቢያንስ ያንኑ ያህል ዲብሪፊንግ (የሆነውን መለስ ብሎ መወያየት)። ሰዓት ሲያጥር ሁሌም የሚቆረጠው ዲብሪፊንጉ ነው፤ ትምህርቱ ያለው ግን እዚያ ነው።

የቡድኑ ስብጥርም አራት ለሁለት ለአንድ ለአንድ ነው፤ ይሄ ራሱ ያፍናል። ሁለት ሕክምና፣ ሁለት ነርሲንግ፣ አንድ ፋርማሲ፣ አንድ ላቦራቶሪ ይሥሩ፤ የቀሩት ሁለት የሕክምና ተማሪዎች ተመልካች ይሁኑና በሚቀጥለው ይለዋወጡ። አወያዮቹም ሁለት፣ ከሁለት ሙያ። አወያዩ ሐኪም ብቻ ከሆነ ተማሪው ሁሉ ወደ እሱ ዞሮ ያወራል።

አስተባባሪ_12
የካርዱ ነገር ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። እርከን 3ን ግን በምን እንለካው? ለ12 ቡድን የሚበቃ ተመልካች መምህር የለንም። እነዚያ የተቀመጡት ሁለት ተማሪዎች ቼክሊስት ቢሞሉስ?

ቁጥር_አጣሪ
ለመማሪያ ይሙሉ፤ ለሪፖርት አይሆንም። ጓደኛ ለጓደኛ ነጥብ አይነፍግም። ለሪፖርቱ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ከ12ቱ ቡድን ስድስቱን በዕጣ ለዩና በስልክ ቅረጹ፣ በፈቃድ ፎርም። ሁለት መምህራን ቀረጻው የቱ ጊዜ እንደሆነ ሳያውቁ ቼክሊስቱን ለየብቻ ይሙሉ። ከዚያ በፊት በሁለት የሙከራ ቪዲዮ ይለማመዱ፤ ከቼክሊስቱ ስምንት ነጥቦች በሁለቱ ከተለያዩ ጥፋቱ ባብዛኛው የአጻጻፉ ነው።

"በመከባበር ተግባብተዋል" የሚል ነጥብ ሁሉም ቡድን ያገኘዋል። በዓይን የሚታይ አድርጉት፦ "የተነገረውን ቁጥር ሰሚው መልሶ ጠራ"፣ "እያንዳንዱ ሙያ ቢያንስ አንድ ሐሳብ አቀረበ"፣ "አንድ ሰው ውሳኔን ተቃወመና ምላሽ አገኘ"። ምልክቱ ሦስት ነው፦ ተደርጓል፣ አልተደረገም፣ ዕድሉ አልመጣም። ሦስተኛው ከሌለ ተቃውሞ የማያስፈልገው ኬስ የደረሰው ቡድን ያለጥፋቱ ይወድቃል። የሁለቱ ጊዜ ኬሶች ክብደታቸው ካልተመጣጠነም ልዩነቱ የኬሱ ይሆናል፤ ግማሹን ቡድን በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል አስኬዱት።

ሚድዋይፍ_ካሪኩለም
ሁላችሁም ያለፋችሁት ነገር አለ፤ ማርኩ። ፕሮግራሙ ለነርሲንግ 10 ከመቶ፣ ለሕክምና ደግሞ "መገኘት ብቻ" ከሆነ፣ የትኛው ሙያ እንደሚበልጥ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ይማራል። ያንን ቼክሊስት አያድነውም። ሰዓቱስ የማን ነው? የአንዱ ክፍል መደበኛ ፕሮግራም፣ የሌላው የምሳ ሰዓት ከሆነ ውጤቱ ያው ነው።

ለምን ዝም እንዳሉ ለማወቅ ልጆቹን በየሙያቸው ለይታችሁ፣ ማርክ የማይሰጣቸው ሰው አነጋግሩ። አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ "ልትናገር አስበህ የተውከው የትኛው ጊዜ ነው? ምን ያዘህ?" አምስትና ስድስት ልጆች 40 ደቂቃ ካወሩ የመጠይቁ አማካይ የደበቀው ይወጣል።

የታካሚ ውጤት ላይ ደግሞ ለኮሚቴው ቃል እንዳትገቡ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት) የአይፒኢ ግምገማ 15 ጥናቶችን ብቻ ነው ያገኘው፤ እነሱም እርስ በርስ ስለማይመሳሰሉ አጠቃላይ ድምዳሜ ላይ መድረስ አልተቻለም። የዋርድ ሞት ቁጥርን ተማሪ አይቀይረውም። ይልቅ ከሦስት ወር በኋላ፣ ሮቴሽን (በየዋርዱ የሚደረግ ልምምድ) ላይ ሲወጡ፣ ለምሳሌ የመድኃኒት ዝርዝሩን ከፋርማሲ ጋር ያመሳከሩባቸውን ቻርቶች ቁጠሩ። ግማሹን ቡድን በመጀመሪያው ሴሚስተር፣ ግማሹን በሁለተኛው ካስጀመራችሁ ቆጠራውን ሁለተኛዎቹ ሳይጀምሩ ሥሩት፤ ማነጻጸሪያችሁ እነሱ ናቸው።

አስተባባሪ_12
ማርኩ እንዳላችሁት ነው፤ ሕክምና መገኘት ብቻ ነው። ለኮሚቴው መጀመሪያ እሱን እናቀርባለን። ካርዱንና ማርኩን በአንድ ዙር ብንቀይራቸውስ?

ሚድዋይፍ_ካሪኩለም
ማርኩ ለሁሉም ዛሬውኑ ይስተካከል፤ እሱ ለሙከራ የሚቀርብ ነገር አይደለም። ካርዱን ግን መጀመሪያ ለስድስት ቡድን ብቻ ስጡ፣ ስድስቱ በድሮው ኬስ ይሂዱ። ያን ጊዜ የላቦራቶሪው ልጅ አፉን የከፈተው በካርዱ ይሁን በማርኩ ይለይላችኋል።