ማይክሮሶፍት ቱ ዱ፦ አስቸኳዮቹ ሥራዎች ከላይ፣ ያውም በቀናቸው እንዲደረደሩልኝ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ሒሳብ ሠራተኛዋ)
ጤና ይስጥልኝ። የበርካታ ነጋዴዎችን ሒሳብ እይዛለሁ። ሥራዬን በሙሉ የምመዘግበው ማይክሮሶፍት ቱ ዱ የተባለው የሥራ ዝርዝር መያዣ ፕሮግራም ላይ ነው፤ በስልኬም በላፕቶፔም። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛ፣ አንዱን ሥራ ጎትቼ ከላይ ላስቀምጠው ስል እምቢ ይላል። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ለአስፈላጊ ሥራ ያለው ምልክት ኮከብ ብቻ ነው። ነገ የሚገባ የቫት ሪፖርትና ለሚቀጥለው ወር የሚደርስ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ እኩል ኮከብ ይዘው ተደበላልቀዋል። የምፈልገው አስፈላጊዎቹ ለብቻ ሆነው በቀናቸው እንዲደረደሩ ነው። የምታውቁ እባካችሁ ተባበሩኝ።

የአይቲ ሰው
እህቴ፣ አልጎተትም ያለሽ ዝርዝሩ ላይ ሶርት (በራሱ የሚደረድር ትእዛዝ) ስላለ ነው። ከዝርዝሩ ስም በታች በምን እንደተደረደረ የሚናገር ጽሑፍ ታያለሽ፤ ለምሳሌ «ሶርትድ ባይ ዱ ዴት» (በመጨረሻ ቀኑ የተደረደረ) ይላል። ከጎኑ ያለችውን የኤክስ ምልክት ንኪያት። ሶርቱ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ መጎተት ትችያለሽ። ቀስቷ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ትገለብጠዋለች።

ሴቲንግ ውስጥም ግቢ። ኮከብ የተደረገበትን ሥራ ወደ ላይ የሚያወጣ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። እሱ ከበራ፣ ኮከቡን በነካሽ ቁጥር ሥራው ዘሎ አናት ላይ ይወጣል። በእጅሽ መደርደር ከፈለግሽ አጥፊው።

ቢሮ ጸሐፊ
ለሁለተኛው ጥያቄሽ መልሱ እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ አለ። በግራ በኩል «ኢምፖርታንት» የሚባለውን ክፈቺ። ከሁሉም ዝርዝሮችሽ ኮከብ ያላቸውን ብቻ ሰብስቦ ያመጣልሻል። ከዚያ ሦስቱን ነጥቦች ነክተሽ ሶርቱን በ«ዱ ዴት» አድርጊው። አስፈላጊዎቹ ለብቻቸው፣ በቀናቸው ይደረደራሉ። ይኸው ነው የፈለግሽው።

ግን እያንዳንዱ ኮከብ ያለው ሥራ ዱ ዴት ሊኖረው ግድ ነው። ቀን ያልተሰጠው ሥራ በቀን ሲደረደር ቦታ የለውም። ቀኑ የቀረበ ሥራ ሁሉ ደግሞ ኮከብ አያስፈልገውም፤ እሱን ቀን ያላቸውን ሥራዎች በሚሰበስበው «ፕላንድ» ውስጥ ታገኚዋለሽ። ኮከቡን ቅጣት ለሚያመጣ ወይም ደንበኛ ለሚያስቀይም ሥራ ብቻ ያዢው።

ታታሪው
እኔ ከስሙ ፊት 1፣ 2፣ 3 እየጻፍኩ በፊደል ተራ ነው የምደረድረው። «1 የቫት ሪፖርት»፣ «2 ደመወዝ»፣ በቃ። ሦስት ደረጃ አገኘሁ ማለት ነው። ይሄ ካልጣመሽ ቶዱይስት የሚባለውን ሌላ የሥራ ዝርዝር ፕሮግራም ሞክሪ፤ ከፒ1 እስከ ፒ4 አራት ደረጃ አለው። ፒ1 ቀይ ስለሆነ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ቢሮ ጸሐፊ
ወንድሜ፣ ቁጥሩ ለአንድ ዝርዝር ደህና ነው። የብዙ ደንበኛ ሥራ ለያዘች ሰው ግን ደረጃው በተለወጠ ቁጥር ስም መቀየር አድካሚ ነው። ለሁለት ተጨማሪ ደረጃ ብላም ፕሮግራም አትቀይር።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ኢምፖርታንትን በዱ ዴት አደረግኩት፤ ልክ የፈለግኩት ሆነ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ወር በገባ በ30 የሚደጋገም ሥራ አለኝ። ሪፒቱን (መደጋገሚያውን) «ማንዝሊ» (በየወሩ) ሳደርገው ቀኑ ከእኛ አቆጣጠር ጋር አይገጥምም።

የአይቲ ሰው
አይገጥምም፤ ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በፈረንጅ ወር ነው። ጥቅምት 30 ኖቬምበር 9 ነው፤ ኅዳር 30 ደግሞ ዲሴምበር 9። እስከዚህ ልክ ይመስላል። ታኅሣሥ 30 ግን ጃንዋሪ 8፣ ጥር 30 ደግሞ ፌብሩዋሪ 7 ላይ ይውላል። ማንዝሊ ካልሽው ጃንዋሪ 9 ብሎ ጥር 1 ላይ ይጥልሻል፤ ያኔ ቀኑ አልፏል።

ስለዚህ ሪፒት ውስጥ «ከስተም» (በራስ ምርጫ) በይና በየ30 ቀኑ አድርጊው። የእኛ አሥራ ሁለቱም ወሮች 30፣ 30 ቀን ስለሆኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የሚያደናቅፈው ጳጉሜን ብቻ ነው። ከነሐሴ 30 ወደ መስከረም 30 ሲሻገር 5 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ 6 ቀን በእጅሽ ጨምሪ። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ጥቅምት 30 ራሱ ኖቬምበር 10 ነው የሚውለው።

ቢሮ ጸሐፊ
አንድ ልጨምር። ተደጋጋሚው ሥራ ቀጣዩን የሚፈጥረው የአሁኑን «ተጠናቋል» ስትይው ነው። ሪፖርቱን አስገብተሽ ምልክቱን ከረሳሽው የሚቀጥለው ወር አይመጣልሽም። ማስታወሻውንም ከዱ ዴቱ ለይተሽ ሙዪው፤ ሦስት አራት ቀን ቀደም ብሎ እንዲጮህልሽ አድርጊ። የመጨረሻው ቀን ላይ ሲስተሙ ሲጨናነቅ ታውቂዋለሽ።