መምህር በሥነ ምግባር ደንብ ይመዘን ወይስ በባሕርዩ?

ጠያቂው፦ የመምህራን ሥነ ምግባር በተነሳ ቁጥር መልሱ “ደንብ ይውጣ” ነው። እኔ ደንብ አይበቃም ባይ ነኝ። ሰው መምህር ሆኖ ሲቀጠር ባሕርዩ ይታይ። እናንተስ?

የሕግ ባለሙያው፦ አልስማማም። ባሕርይን ማን ይለካዋል? ዝምተኛውን አንዱ ትሑት ይለዋል፣ ሌላው ደካማ። ደንብ ግን ለሁሉም አንድ ነው። የተበደለ ተማሪም አቤት የሚለው ደንብ ጠቅሶ ነው።

ጠያቂው፦ ደንቡ ይኑር፣ አልጠላሁም። ግን አብዛኛው የመምህር ውሎ ደንብ የማይደርስበት ነው። አንድ ልጅ ተሳስቶ መለሰ፣ ክፍሉ ሳቀበት እንበል። በችኮላ ካረምከው ሁለተኛ እጁን አያወጣም። ካለፍከው ሌሎቹ ስህተቱን ይዘው ይሄዳሉ። ለዚህ የሚሆን አንቀጽ የትኛው ነው? የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ አርስቶትል ድፍረትን በፈሪነትና በግብታዊነት መካከል ያስቀምጠዋል። የመምህር ጥብቅነትም እንዲሁ በጭካኔና በቸልተኝነት መካከል ነው። ያ መካከል ደግሞ ለሁሉም ልጅ አንድ አይደለም፤ ማስተዋል ይጠይቃል።

የሥነ ልቦና ተማሪዋ፦ በባሕርይ ብዙ አትመኩ። እ.ኤ.አ. በ1973 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳርሊና ባትሰን ያሳተሙት ጥናት አለ። የነገረ መለኮት ተማሪዎች በሚያልፉበት መንገድ ላይ የታመመ የሚመስል ሰው አስቀመጡ። ካልቸኮሉት 63 በመቶው ረዱት፤ በጣም ከቸኮሉት 10 በመቶው ብቻ። ከመካከላቸው ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊናገሩ የሚሄዱም ነበሩ! መምህር ልጅ ላይ ሲጮህ እስቲ የክፍሉን መጨናነቅና ጥድፊያውንም እዩ።

አንጋፋዋ መምህርት፦ እውነትሽን ነው ልጄ። ታርሞ የማያልቅ ክምር ደብተር ደጉንም ሰው ያከፋዋል። እኔ ግን ባሕርይን ለመተው ምክንያት አይሆነኝም። ያው አርስቶትል ፍትሐዊ የምንሆነው ፍትሐዊ ሥራ በመሥራት ነው ይላል። ትዕግሥት ተሸክመነው የምንገባ ነገር አይደለም፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ይለመዳል፣ እዚያው ይጠፋል። ስለዚህ ሲቀጠር ባሕርዩ ይታይ የሚለውን አልደግፍም። ጀማሪው ከአንጋፋ ጋር ይመደብ፣ የክፍለ ጊዜው ጫና ይቀንስለት። ይህን የሚነፍግ ትምህርት ቤት መምህሩን ብቻ መውቀስ አይችልም።

ወላጅ፦ ይቅርታ መምህርት፣ እሱ እስኪለምድ ልጄ መለማመጃ ትሁን ነው የሚሉኝ?

አንጋፋዋ መምህርት፦ በፍጹም። መምታት፣ ማዋረድ፣ ማርክ መሸጥ ልምምድ አይጠብቁም፤ ከመጀመሪያው ቀን ክልክል ናቸው። ስርቆትና ግድያ መካከለኛ የላቸውም ያለውም እሱ ራሱ አርስቶትል ነው። ለእነዚህ ደንብ ይኑር፣ ይጥበቅም። ለቀረው ግን መምህሩ በየሳምንቱ ከባልደረቦቹ ጋር ይቀመጥ። “ያንን ልጅ ለምን አስወጣኸው?” ይባል፣ ምክንያቱን ያስረዳ።

የሕግ ባለሙያው፦ በዚህስ እስማማለሁ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። እዚያ የተነገረው መምህሩን ለመቅጣት ማስረጃ እንዳይሆን ደንቡ ላይ ይጻፍ። አለዚያ እውነቱን የሚናገር አይገኝም።