በጉዞ ላይ የቀመስነውን ኮክቴል ቤት ውስጥ እንደገና ለመሥራት ምን ማስተዋል ይገባል?

ጥያቄ

ወደ ሌላ አገር ስጓዝ ከታሪካዊ ቦታዎቹ ባልተናነሰ የምጓጓለት ነገር የአካባቢውን መጠጥ በቦታው መቅመስ ነው። ባለፈው ጉዞዬ ፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ውስጥ ፒስኮ ሳወር (ፒስኮ በተባለው ከወይን የሚጣራ አልኮል የሚሠራ ኮክቴል) ቀምሼ እጅግ ወደድኩት፤ ከላይ የተኛው ነጭ አረፋ፣ በአረፋው ላይ ጠብ ጠብ ያሉት የመራራው ቅመም ነጠብጣቦች፣ ከሥር ደግሞ የሎሚው ኮምጣጣነትና የፒስኮው የወይን መዓዛ አንዱ ሌላውን ሳይውጥ ተስማምተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሼከር (የመጠጥ መናጫ ዕቃ)፣ መለኪያና ማጥለያ ገዝቼ አልፎ አልፎ ለእንግዶቼ ኮክቴል እሠራለሁ።

ልምድ ያላችሁ ሰዎች እንድትረዱኝ የምፈልገው በሁለት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛ፣ በጉዞ ላይ አንድ መጠጥ ሲያስደስተኝ ቤት ተመልሼ ለመሥራት እንዲያስችለኝ ምን ምን ማስተዋልና መጻፍ ይኖርብኛል? ሁለተኛ፣ ያ አገር የሚጠቀምበት የአልኮል ዓይነት በምኖርበት አካባቢ ባይገኝ በሌላ መተካት ያስኬዳል ወይስ ጠርሙሱን ይዞ መመለስ ይሻላል?

ምላሽ 1

እኔ በቅድሚያ የማስተውለው የመጠጡን አወቃቀር ነው፤ ምክንያቱም በዓለም ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ስሞች ያሏቸው ኮክቴሎች ሲመረመሩ የጥቂት ቤተሰቦች ልጆች ሆነው ይገኛሉ። የእርስዎ ፒስኮ ሳወር ጠንካራ አልኮል፣ ኮምጣጣ ጭማቂና ጣፋጭ ነገር በሚዛን የሚገናኙበት ቤተሰብ አባል ነው። የኩባው ዳይኩሪ፣ የሜክሲኮው ማርጋሪታና የብራዚሉ ካይፒሪኛም ከዚሁ ወገን ናቸው። ስለዚህ በማስታወሻዎ ላይ በመጀመሪያ ይህንን ይጻፉ፦ አልኮሉ ምንድን ነው፣ ኮምጣጣው ከየት መጣ፣ ጣፋጩስ ስኳር ነው፣ ማር ነው ወይስ ሊከር (ስኳር የገባበት ጣፋጭ አልኮል)? እነዚህን ሦስቱን የያዘ ሰው የቀረውን በቤቱ እየቀመሰ ሊያስተካክል ይችላል።

ከዚያ ቀጥሎ የባርማኑን እጅ ይመልከቱ። መጠጡን በሼከር ናጠው ወይስ በረጅም ማንኪያ አማሰለው? ጭማቂ፣ ክሬም ወይም እንቁላል የገባበት መጠጥ የሚናጠው በደንብ እንዲዋሃድና አየር እንዲገባበት ሲሆን፣ እንደ ኔግሮኒ ያለ ከአልኮል ብቻ የተሠራ መጠጥ ደግሞ ጥራቱንና ለስላሳነቱን እንዳያጣ ይማሰላል። በረዶውም ከማቀዝቀዝ ያለፈ ሥራ አለው። መጠጡ ሲናጥ ከበረዶው የሚቀልጠው ውኃ የመጠጡ አካል ስለሚሆን፣ በጥቂቱ ከተናጠ አልኮሉ ይቆነጥጣል፣ ከመጠን በላይ ከተናጠ ደግሞ ጣዕሙ ይረግፋል። ቤት ውስጥ ትላልቅና ላዩ ያልቀለጠ በረዶ ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ወዲያው መጠቀም፣ ብርጭቆውንም ቀደም ብሎ ማቀዝቀዝ ከውድ ጠርሙስ የበለጠ ለውጥ ያመጣል ብል አላጋነንኩም።

ለፒስኮ ሳወር የምጠቀምበት መጠን 60 ሚሊ ሊትር ፒስኮ፣ 30 ሚሊ ሊትር ወዲያው የተጨመቀ ሎሚ፣ 20 ሚሊ ሊትር የስኳር ሽሮፕና የአንድ እንቁላል ነጭ ነው። ሽሮፑ እኩል ስኳርና ውኃ አሟምቶ የሚሠራ ነው። አረፋው ጠንካራ እንዲሆን ሁሉንም መጀመሪያ ያለ በረዶ፣ ቀጥሎም ከበረዶ ጋር እጅዎ በሼከሩ ቅዝቃዜ እስኪደነዝዝ ድረስ ይናጡት። አንጎስቱራ ቢተርሱ (በጠብታ የሚጨመረው መራራ ቅመም) ግን ከሼከሩ ውስጥ አይግባ፤ በመጨረሻ በአረፋው ላይ ሦስት አራት ጠብታ ጣል ይደረጋል፤ ምክንያቱም ዋናው ሥራው ብርጭቆው ወደ አፍ ሲቀርብ የእንቁላሉን ጠረን በቅመም መዓዛ መሸፈን ነው።

ምላሽ 2

በአወቃቀሩ ጉዳይ ከላይ ከተጻፈው ጋር እስማማለሁ፤ ነገር ግን መጠኑን በሚሊ ሊትር መያዝ ብቻውን ያን ጣዕም ይመልሳል የሚል ተስፋ ሊኖርዎ አይገባም። የፔሩ ሰዎች ለዚህ መጠጥ የሚጠቀሙበት ሎሚ ትንሽ፣ አረንጓዴና በጣም ኮምጣጣ ስለሆነ፣ ትልቁንና ቢጫውን ሎሚ በዚያው ልክ የሚጨምር ሰው ለዘብ ያለ መጠጥ ያገኛል። እኔ በጉዞ ላይ ሳለሁ የአካባቢውን ሎሚ ወይም ፍሬ ለብቻው እቀምሳለሁ፤ ቤት ስመለስም ሽሮፑን በአንድ ጊዜ ሳላፈስ ትንሽ በትንሽ እየጨመርኩ ወደማስታውሰው ሚዛን እጠጋለሁ።

መተካትን በሚመለከት፣ መልሱ አልኮሉ በመጠጡ ውስጥ ባለው ድርሻ ይወሰናል። የፔሩ ፒስኮ ከወይን የሚጣራ፣ በእንጨት በርሜል የማይቀመጥ፣ ከተጣራ በኋላም ውኃ የማይጨመርበት መጠጥ ነው። ስለዚህ በርሜል ውስጥ የቆየ ብራንዲ ቢተካበት ኮምጣጣነቱና አረፋው ይኖራል እንጂ ያ የአበባ የሚመስል የወይን መዓዛ በእንጨትና በቫኒላ ጣዕም ይሸፈናል። በርሜል ያልነካው የወይን አልኮል ካገኙ ግን በጣም ይቀራረባል። ካይፒሪኛ የሚሠራበት ካሻሳ የተባለው አልኮልም ከትኩስ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ስለሚጣራ የሣር ዓይነት መዓዛ አለው፤ አብዛኛው ሩም ደግሞ ከስኳር ምርት ከሚተርፈው ሞላሰስ ነው የሚሠራው፤ እናም በሩም የተሠራው ካይፒሪኛ ደስ የሚል ነገር ግን ሌላ መጠጥ ነው። በአንጻሩ ሜክሲኮ፣ ኦሃካ ውስጥ የቀመሱት ሜዝካል (አጋቬ ከተባለው ተክል የሚጣራ አልኮል) ከሆነ ምትክ ባይፈልጉለት ይሻላል። የአጋቬው ተክል ልብ በመሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ፣ በጋለ ድንጋይ ላይ ስለሚጠበስ የሚያገኘው የጭስ ጣዕም ከአጋቬ በሚሠራው በቴኪላም አይገኝም።

በነገራችን ላይ፣ በጣሊያን ተጉዘው ኔግሮኒ የወደዱ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ እንደዚያ አልሆነልንም ሲሉ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቨርሙት የተባለው በቅመም የተሠራ ወይን ጠጅ ነው። እኩል 30 ሚሊ ሊትር ጂን፣ ካምፓሪ (መራራ ቀይ የጣሊያን ሊከር) እና ቀይ ጣፋጭ ቨርሙት ከመቀላቀል የቀለለ ነገር የለም፤ ሆኖም ቨርሙት መሠረቱ ወይን ጠጅ ስለሆነ ከተከፈተ በኋላ መደርደሪያ ላይ ከቆየ ይበላሻል። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ በአንድ ወይም በሁለት ወር ውስጥ መጨረስ ይገባል፤ ትንሹን ጠርሙስ መግዛትም ያዋጣል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሎሚውን ልዩነት ከዚህ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ጠርሙስ ይዞ በአውሮፕላን መመለስ ምን ገደብ አለው? ከእንግዶቼ መካከልም አልኮል የማይጠጡና ጥሬ እንቁላል የማይስማማቸው ስላሉ ለእነርሱ ምን ማቅረብ እችላለሁ?

ምላሽ 3

በአውሮፕላን ጉዞ በተለመደው ዓለም አቀፍ ሕግ መሠረት፣ የአልኮል መጠኑ ከ24 እስከ 70 በመቶ የሆነ መጠጥ ለአንድ መንገደኛ እስከ 5 ሊትር ድረስ፣ በፋብሪካው እንደታሸገ፣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይፈቀዳል፤ ከ70 በመቶ በላይ የሆነው ፈጽሞ አይጫንም። ይህ ግን የበረራ ደኅንነት ሕግ ነው፤ የሚገቡበት አገር ጉምሩክ ያለ ቀረጥ የሚፈቅደው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ። እኔ ከጉዞ ስመለስ የምመርጠው በሌላ ቦታ የማይገኘውን አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው። አንጎስቱራን የመሰለ በብዙ አገሮች የሚሸጥ ነገር ቦታና ክብደት ሊወስድ አይገባም፤ ደግሞም የሚፈለገው በጠብታ ስለሆነ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል።

አንድ ነገር ግን በአጽንዖት ማሳሰብ እወዳለሁ። የአካባቢ መጠጥ መቅመስ ደስ የሚል ቢሆንም፣ ምንጩ ያልታወቀ፣ መለያ የሌለው ወይም ክዳኑ የተነካካ ጠርሙስ መጠጣት ሕይወት ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በላኦስ፣ ቫንግ ቪየንግ በተባለችው የቱሪስቶች ከተማ፣ በሜታኖል የተመረዘ መጠጥ የጠጡ ስድስት የውጭ አገር ጎብኚዎች ሞተዋል። ሜታኖል (መርዛማ የአልኮል ዓይነት) በጣዕምም ሆነ በጠረን ከተለመደው አልኮል ለመለየት አስቸጋሪ ነው፤ ምልክቱም ከብዙ ሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ሰው ተራ የመጠጥ ድካም ይመስለዋል። የዓይን መደብዘዝ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ ትውከት ወይም የትንፋሽ መፍጠን ከታየ ሳይዘገዩ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው። እንግዲህ በነጻ የሚታደል ወይም ከሚገባው በላይ የረከሰ መጠጥ ሲቀርብልዎ አመስግነው ይለፉት።

እንቁላል ለማይስማማቸው ከተቀቀለ ሽምብራ የሚተርፈውን ውኃ ይጠቀሙ፤ 20 ወይም 30 ሚሊ ሊትር ያህሉ በሚገባ ሲናጥ ጥሩ አረፋ ይሰጣል። ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና ሕመምተኞች ጥሬ እንቁላል እንዲርቁ ስለሚመከርም ይህንኑ ዘዴ ቢያውቁት ይጠቅማል። አልኮል ለማይጠጡት እንግዶች ደግሞ በአልኮሉ ቦታ ጠንከር አድርገው ያፈሉትንና ያቀዘቀዙትን ሻይ ያስገቡ፤ የሻይው መጎምዘዝ አልኮል ለመጠጡ የሚሰጠውን ክብደት በከፊል ይተካል፣ ሎሚውና ሽሮፑም እንደነበሩ ይቀጥላሉ። ሻይው ከአልኮል ይልቅ ቀጭን ስለሆነ በሚናጥበት ጊዜ ከቀለጠው በረዶ ብዙ ውኃ እንዳይጨመርበት አናናጡን አጠር ያድርጉ። ቢተርሱም በአልኮል የተዘፈዘፈ ቅመም ስለሆነ፣ ጨርሶ አልኮል በማይነካ እንግዳ ብርጭቆ ላይ አይጣል፤ በአረፋው ላይ ጥቂት የተፈጨ ቀረፋ ቢነሰነስ ይበቃል።