የኮይቤን 1/4 በካፓሲቲ ማረጋገጥ፦ ሲሜትራይዜሽን ካፓሲቲን ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በዩኒት ዲስክ ላይ አንድ ለአንድ የሆነ አናሊቲክ ፈንክሽን ዜሮን ወደ ዜሮ ከወሰደና እዚያ ዴሪቫቲቩ 1 ከሆነ፣ ምስሉ በዜሮ ዙሪያ ሬዲየሱ 1/4 የሆነ ዲስክ ይይዛል፤ የኮይቤ ቲዎረም ማለት ነው። ፈንክሽኑ የማይደርስባቸውን ነጥቦች ሁሉ ገለበጥኳቸው፤ ወ ወደ 1/ወ፣ ኢንፊኒቲ ወደ ዜሮ። ያገኘሁት ስብስብ፣ ሀ እንበለው፣ ዝግና ተያያዥ ነው፤ ሎጋሪዝማዊ ካፓሲቲው (የስብስብ መጠን መለኪያ ዓይነት) 1 ነው። ከዚህ ወዲያ ሲሜትራይዜሽን (ስብስቡን ወደ ሚዛናዊ ቅርጽ መቀየር) ልጠቀም ስል አንዱ ቦታ "ይቀንሳል"፣ ሌላው ቦታ "ይጨምራል" ይላል። የቱን ልያዝ?

ኤፕሲሎን፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚለካው ነገር ነው የሚለያየው። የስብስብ ካፓሲቲ አይጨምርም፣ የክልል ውስጣዊ ሬዲየስ (ዩኒት ዲስክን አንድ ለአንድ በክልሉ ላይ የሚዘረጋው አናሊቲክ ፈንክሽን ዜሮ ላይ ያለው ዴሪቫቲቭ መጠን) ደግሞ አይቀንስም። አቅጣጫው ሲጠፋብህ በቁራጭ መስመር ፈትን፦ ካፓሲቲው የርዝመቱ 1/4 ነው። ሰያፍ መስመር በአግድሙ አክሲስ ላይ በስታይነር ሲሜትራይዜሽን (በየቋሚው መስመር ላይ ያለውን የስብስቡን ርዝመት አክሲሱን መሃል አድርጎ ማስቀመጥ) ሲስተካከል ጥላው ብቻ ይቀራል፤ ጥላው ደግሞ ያጥራል።

ዴልታ፦ ለዚህ ማረጋገጫ እንኳ ሲሜትራይዜሽን አያስፈልግህም። ካፓሲቲ ፌኬቴ በ1923 ካስተዋወቀው ትራንስፋይናይት ዲያሜትር ጋር እኩል ነው፤ ይኸውም በስብስቡ ውስጥ የተመረጡ ነጥቦች የእርስ በርስ ርቀት ጂኦሜትሪክ አማካይ ትልቁ ዋጋ፣ ነጥቦቹ እየበዙ ሲሄዱ የሚደርስበት ሊሚት። ስለዚህ ርቀትን የማያሰፋ ማንኛውም ፈንክሽን ካፓሲቲን አይጨምርም። አሁን እያንዳንዱን የሀ ነጥብ ከዜሮ ወዳለው ርቀቱ ውሰደው። የሁለት ነጥቦች ርቀት ከዜሮ ባላቸው ርቀቶች ልዩነት አያንስምና ይህ ፈንክሽን ርቀትን አያሰፋም። ወ ፈንክሽኑ የማይደርስበት ማንኛውም ነጥብ ይሁን፤ ሀ ዜሮንና 1/ወን ስለያዘ ምስሉ ከዜሮ እስከ 1/|ወ| ያለውን መስመር በሙሉ ይይዛል። እንግዲህ 1/(4|ወ|) ከ1 አይበልጥም፤ |ወ|ም ከ1/4 አያንስም። በጣም የምወደው ማረጋገጫ ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ! ተያያዥነቱ የገባው "በሙሉ" ያልከው ላይ ነው?

ዴልታ፦ እዚያው ነው። ተያያዥ ስለሆነ በመካከል ያለውን ክበብ ሁሉ ይነካል። ባይሆን ኖሮ ዜሮና 1/ወ ብቻቸውን ያሉበት ስብስብ ካፓሲቲው ዜሮ ነው፣ ምንም አይነግርህም።

ሲግማ፦ ሲሜትራይዜሽንን ግን አትተወው። የዴልታ መንገድ ነጥቦቹ ከዜሮ ያላቸውን ርቀት ብቻ ነው የሚያስቀረው፤ ክብ ሲሜትራይዜሽን (በዜሮ ዙሪያ ባለ በእያንዳንዱ ክበብ ላይ ያለውን ክፍል አንድ ጨረር መሃል አድርጎ ማስቀመጥ) በየክበቡ ላይ ያለውን የቅስት ርዝመትም ይጠብቃል፣ ስለዚህ ሀ ወፍራም ሲሆን የተሻለ ገደብ ይሰጣል። 1/4 ራሱ ግን ከዚህ አይሻሻልም፦ ለኮይቤ ፈንክሽን፣ ዘ/(1−ዘ)²፣ ሀ ከ−4 እስከ 0 ያለው መስመር ነው፤ ካፓሲቲው ልክ 1።