ክርክር፦ የደብረ ማርቆስን አሮጌ የንግድ ሰፈር ማን ያነቃቃው? በጎ ፈቃደኛ ኮሚቴ ወይስ ማዘጋጃ ቤት?

የመንቆረር ልጅ፦
ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝና ዱላውን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ። የደብረ ማርቆስ መሀል ከተማ እየደበዘዘ ነው ባይ ነኝ። ታፔላው ዝጓል፣ ሲመሽ ጨለማ ነው፣ ክረምት ሲገባ ቦዩን ቆሻሻ ይዘጋውና ጎርፉ ሱቅ ደጃፍ ላይ ይተኛል። ደኅና ጫማ የፈለገ ሰው ባሕር ዳር ወይ አዲስ አበባ እስኪሄድ ይጠብቃል። ስለዚህ አራት የበጎ ፈቃድ ኮሚቴ እናቋቁም። አንዱ አባልና ገንዘብ ያሰባስብ፣ አንዱ የመንገዱንና የሱቆቹን ገጽታ ይያዝ፣ አንዱ ገበያተኛ የሚስብ ዝግጅት ያውጣ፣ አንዱ ባዶ ሱቅ ውስጥ ምን ቢከፈት ያዋጣል የሚለውን ያጥና። ደመወዝ የለ፣ አበል የለ። ምን ትላላችሁ?

ባለሱቋ፦
ልጄ፣ እኛ ሰፈር ኮሚቴ ጠፍቶ አያውቅም። የሚጠፋው ከሁለተኛው ስብሰባ በኋላ የሚመጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ቀን ሁሉም እጁን ያወጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ከዚያ ሥራው ሱቋን ዘግታ መሄድ በማትችል በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ያቺን ሴት አውቃታለሁ፤ እኔ ነኝ።

ቶሮንቶ ያለሁ፦
አራቱ ኮሚቴዎች ከአሜሪካ የመጡ ናቸው፤ የመንቆረር ልጅ ምንጩን ባይጠቅስም። የአሜሪካ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ተቋም በ1977 እ.ኤ.አ. በሦስት ትንንሽ ከተሞች፣ በጌልስበርግ፣ በማዲሰንና በሆት ስፕሪንግስ፣ ሞከረው። ከተማ ዳር የተሠሩ ሰፋፊ የገበያ ማዕከሎች መሀል ከተማውን ባዶ እያስቀሩት ነበርና። በ1980 እ.ኤ.አ. ተቋሙ ለዚሁ ሥራ ማዕከል አቋቋመለት፤ ዛሬም ይሠራል። የተዘለለችው ነገር ግን ይቺ ናት፦ ሦስቱም ከተሞች ሙሉ ጊዜውን በዚህ ላይ ብቻ የሚያጠፋ ደመወዝተኛ ሥራ አስኪያጅ ነበራቸው። በጎ ፈቃደኛው በእሱ ዙሪያ ነው የተሰለፈው። ደመወዝ የለም ካልን አካሉን አምጥተን አከርካሪውን ትተናል ማለት ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦
ስሟን በማልጠራት አንዲት የጎጃም ከተማ እንዲህ ያለ ኮሚቴ ነበር። ለመንገድ መብራት ተብሎ ከየሱቁ ገንዘብ ተሰበሰበ፤ አምፖሉ ጥቂት ሳምንት በርቶ ጠፋ። ገንዘቡ የት ደረሰ ሲባል ሰብሳቢው «በቅን ልቦና ነው የሠራነው» አለ። «ድር ቢያብር» ምናምን እያላችሁ ከምትተርቱብኝ ደረሰኝ አሳዩኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ተዘንግቷል። እንዲህ ያለ ኮሚቴ ሲባል ሰው እድርን ያስባል፤ ነገር ግን እድርን አቁሞ የያዘው በጎ ፈቃድ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ቀብር የቀረ ይቀጣል። ወርኃዊውን ያልከፈለ ስሙ በጉባኤ ይጠራል፤ ደጋግሞ ካስቀረ ይሰረዛል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ በመዝገብ ነው የሚወጣው፣ በመዝገብ ነው የሚመለሰው። ወንፈልም ቢሆን ዛሬ ለእኔ ያረሰ ነገ እኔ ካላረስኩለት ቂም ይያዝብኛል። የእኛ አገር መተባበር ግዴታ ያለበት መተባበር ነው። አሁን «በጎ ፈቃድ» የምትሉት ግን ቢመጣም ባይመጣም ማንም ማንንም የማይጠይቅበት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ማርቆስ ላይ ሲጸና አላየሁም።

ቶሮንቶ ያለሁ፦
መምህር፣ እርስዎ ያሉትን እዚህ ሕግ አድርገውታል። የምኖርበት ከተማ ውስጥ ብሎር ዌስት ቪሌጅ የሚባል ሰፈር አለ። የምድር ውስጥ ባቡሩና የገበያ ማዕከሎቹ ገዥውን ሲወስዱባቸው ነጋዴዎቹ በፈቃደኝነት መዋጮ ሞከሩ። ግማሹ ከፈለ፣ ግማሹ በሌላው ገንዘብ ተጠቀመ። በመጨረሻ በ1970 እ.ኤ.አ. ራሳቸው ነጋዴዎቹ አስገዳጅ ይሁንልን ብለው ሕግ አስወጡ። በክልሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ይከፍላል፤ ከተማው ከግብር ጋር ሰብስቦ ለነጋዴዎቹ ቦርድ ይመልሳል። በዓለም የመጀመሪያው ይኸው ነው።

ባለሱቋ፦
ሌላ ግብር በሉኛ! የዓመቱ ግብር አለ፣ ፈቃድ እድሳት አለ፣ የዚህ መዋጮ የዚያ መዋጮ አለ። መምህር ያሉት ግን ይገባኛል፤ እድሬን አንድም ወር አላስቀረሁም። እሺ ልክፈል። ነገር ግን ብሩ በማዘጋጃ ቤት ሒሳብ ገብቶ «በጀት ሲለቀቅ» የሚባል ከሆነ አንዲት ሳንቲም ከእኔ አይወጣም።

የቀበሌ ቤት ተከራይ፦
ስለ መዋጮ ስትጨቃጨቁ ዋናውን ነገር ዘለላችሁት። ሱቁ የማን ነው? በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ወደ ቀበሌ ሄደ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት። አባቴ የሚሠራባት ሱቅ የቀበሌ ናት። ጣሪያዋ ያፈስሳል፣ ግድግዳዋ አብጧል። አድሰን ብንቀባት ያደስነው የእኛ አይደለም፤ ነገ ለልማት ትፈለጋለች ቢባል ለቀለሙም ለቆርቆሮውም ካሳ የሚያስብልን የለም። አሜሪካ ገቢ የሚያስገባ ታሪካዊ ሕንፃ በደንቡ ያደሰ ባለቤት ከወጪው 20 በመቶ ከፌዴራል ግብሩ ይታሰብለታል። እዚህ ባለቤቱ ቀበሌ ነው። የገጽታ ኮሚቴው እንግዲህ የማንን በር ሊያንኳኳ ነው?

የመንቆረር ልጅ፦
ይሄ ውኃ የሚያነሣ ነው። ግን ቦይ ለመጥረግ የቤት ካርታ አያስፈልግም።

ከባሕር ዳር፦
እኔ ኮሚቴ የሚባል ነገር አያስፈልግም ባይ ነኝ። የኮሪደር ልማት በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ተሻግሯል። መንግሥት ሲፈልግ በጥቂት ወር መንገድ አስፍቶ፣ መብራት ተክሎ፣ ፊት ለፊቱን በአንድ ቀለም ቀብቶ ያሳያችኋል። እናንተ ገና ቃለ ጉባኤ ላይ ናችሁ።

የጉሊቷ ልጅ፦
ይቀባል፣ እውነት ነው። መንገዱ ሲሰፋ ሱቁም ተጠቃሚውም የት ገባ ብለህ ግን ጠይቅ። እናቴ ሽንኩርትና በርበሬ ቸርችራ ነው ያሳደገችኝ፣ ሱቅ ኖሯት አያውቅም። «መሀል ከተማውን እናስውብ» በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚነሣው ጉሊት ነው፣ ቀጥሎ ሊስትሮው፣ ከዚያ ሱቅ በደረቴው። ለመሆኑ ገበያተኛው ወደ መሀል የሚመጣው ታፔላ ሊያይ ነው? ሽንኩርቱን ከእናቴ ሲገዛ ነው ስኳሩን ከእትዬ ባለሱቋ የሚገዛው። እሷን ካነሣችሁ እሱም ይቀራል።

ባለሱቋ፦
እውነቷን ነው። በር ላይ ጉሊት ባለ ቀን ሽያጬ ይበልጣል። አፍ አውጥቼ ባልናገረውም።

ከፍኖተ ሰላም፦
ደግሞ የነጋዴ ምክር ቤት እያለ አዲስ ኮሚቴ ለምን? አዋጅ ቁጥር 341/1995 የንግድና ዘርፍ ማኅበራትን ያቋቋመው ለዚህ አይደለም ወይ?

ጡረተኛው መምህር፦
ምክር ቤት የነጋዴው ሁሉ ነው፣ የአንድ መንገድ ጎረቤታሞች አይደለም። የእኔ ደጃፍ ቦይ ሲዘጋ የሚገባው የጎረቤቴ ሱቅ ነው እንጂ የምክር ቤቱ አዳራሽ አይደለም።

ሌላ አባል፦
ወገኖቼ፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ያለውን እያያችሁ ስለ ቀለም ታወራላችሁ? መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዕቃ አይገባም። ሰላም ሳይኖር ገበያ አይነሣም።

የመንቆረር ልጅ፦
ለዚህ መልስ የለኝም፤ ኮሚቴም መልስ አይሆነውም። ሰኔ ግን ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም፣ ጎርፉ ይመጣል።

ወደ ሐሳቡ ልመለስ። አራቱን ኮሚቴ ትቻለሁ። አንድ ይበቃል፣ በአንድ መንገድ ላይ ብቻ። እንደ እድር በወር የሚከፈል፣ የቀረ የሚቀጣበት፣ ደረሰኝ ያለው። ከተሰበሰበው ላይ ለአንድ ሰው ደመወዝ ይወጣል፤ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሥራ ፈላጊ ሞልቷል። የዚያ ሰው የመጀመሪያ ሥራ ቦይና መብራት ነው። ሁለተኛው ከቀበሌ ጋር ተነጋግሮ ያደሰ ተከራይ ይህን ያህል ዓመት አይነሣም የሚል ደብዳቤ ማስጻፍ ነው። ዝግጅትና ባዛር ከዚያ በኋላ። ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር የሚያልፈው መንገደኛ እዚህ ምሳውን በልቶ ይሄዳል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ያሠሩት፣ ልጃቸው ራስ ኃይሉ ያሳደሱት ቤተ መንግሥት እዚሁ ከተማችን ውስጥ እያለ ማለት ነው። ይህን የሚነግረው ሰው ቢኖር አንድ ሰዓት ይቆይ ነበር፤ አንድ ሰዓት ደግሞ አንድ ቡናና አንድ ኪሎ ማር ነው።

የቀበሌ ቤት ተከራይ፦
ደብዳቤው ማኅተም ኖሮት ሲመጣ አሳየኝ። ያን ቀን ቆርቆሮውን በራሴ ብር እገዛለሁ። ከዚያ በፊት ለእድሳት ከተባለ አልፈርምም፣ ለቦዩ ከሆነ እሺ።

ባለሱቋ፦
ገንዘብ ያዥ ማን ነው?

ከፍኖተ ሰላም፦
ጥያቄ ማለት ይሄ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ሱቅ ያለው ሰው ይሁን፤ ሱቁን ጥሎ የትም አይሄድም። ፈራሚ ግን ሁለት ይሁን፣ ሒሳቡም በየወሩ በር ላይ ይለጠፍ።

የጉሊቷ ልጅ፦
ሁለተኛዋ ፈራሚ ጉሊት ቸርቻሪ ትሁን። እናቴ ማንበብ ባትችልም ብር መቁጠር ማንም አያስተምራትም። ይህን ካልተቀበላችሁ ከዝርዝሩ ስሜን አውጡ።

ከባሕር ዳር፦
አሁንም ጊዜ ማባከን ነው እላለሁ። ቦዩን ስትጠርጉ ግን ንገሩኝ፣ ለአካፋ መግዣ እልካለሁ።