ክትባቱ መካን ያደርጋል የሚለውን ወሬ ከአክስቴ ልብ እንዴት ላውጣው?

የፒያሳው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ያለኝ ጊዜ ደግሞ አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

ያደግኩት ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አክስቴ ቤት ነው። እቴቴ ነው የምላት። የመጨረሻ ልጇ 13 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ሊሰጥ መሆኑን ለወላጆች አሳወቀ። እቴቴ "እኔ ቆሜ እያለሁ አይሆንም" አለች።

ምክንያቷ በቴሌግራም የተላከላት የ3 ደቂቃ ድምፅ ነው። አንዲት ሴትዮ "ልጆቻችሁን ጠብቁ፣ መርፌው መካን ያደርጋቸዋል" እያለች ታለቅሳለች። ማን ትሁን፣ የት ሆና ትናገር የሚያውቅ የለም። እቴቴ ግን በቃሏ ይዛዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ስልኳን ረከቦቱ ላይ፣ ስኒ ላይ አስደግፋ ታስደምጣለች።

ቅዳሜ ዕለት ጎረቤት ተሰብስቦ አቦል እየተቀዳ ከፈተችው። አልቻልኩም። "እቴቴ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው፣ እንዴት ታምኛለሽ?" አልኩና ስልኬን አውጥቼ ማስረጃ ማንበብ ጀመርኩ። ፊቷ ጠቆረ። ብድግ ብላ ጓዳ ገባች፣ አልተመለሰችም። ቶናውን የቀዳችው ልጅቷ ናት። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለጎንደር ሰው መንገር የለብኝም።

ምስክርም አለኝ ትላለች። የጎረቤታችን ምራት አንድ ልጅ ከወለደች በኋላ ጤና ጣቢያ መርፌ ተወጋች፣ ይኸው ሁለተኛ ልጅ እንቢ አላት።

እቴቴ ሞኝ አይደለችም። ሱቅ ታስተዳድራለች፣ በሒሳብ ማንም አይደርስባትም። ታዲያ ይሄን እንዴት ታምናለች?

የማራኪ ተማሪ

መጀመሪያ ርዕስህን ተመልከተው ወንድሜ። ሳናነብህ ወሬውን ነገርከን። ርዕሱን ብቻ አይቶ የሚያልፍ ሰው ይዞት የሚሄደው ያንኑ ነው።

ሳይኮሎጂ ነው የምማረው። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ለተማሪዎች እውነትና ሐሰት የተቀላቀለባቸው ዓረፍተ ነገሮች በ2 ሳምንት ልዩነት 3 ጊዜ ቀረቡላቸው። በየዙሩ የተደገሙት፣ ሐሰት የሆኑትም ጭምር፣ ይበልጥ እውነት እየመሰሉ ሄዱ። አእምሮ የለመደውን ነገር እንደሚያውቀው ይቆጥረዋል። ይሄ ደግሞ የተማረ ያልተማረ አይልም፣ እኔም አንተም አለንበት።

እቴቴ ለእንግዳ ባስደመጠች ቁጥር ለራሷም ነው የምታስደምጠው።

የአዘዞው

ምን ትለፋለህ? ሰው ያመነውን ሲነኩበት ይብስበታል እንጂ አይተውም። እኔ አባቴን 2 ዓመት ሞክሬ ትቼዋለሁ።

የማራኪ ተማሪ

@የአዘዞው፣ ይሄ ነገር ከሳይንሱም ሰፈር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት እርማት አንዳንዴ እምነቱን ያጠነክረዋል ብሎ ነበር፣ ብዙ ተወራለት። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ከ10,000 በላይ ሰዎችን በ52 ጉዳዮች ሲፈትኑ ያ ነገር የለም በሚባል ደረጃ ጠፋ። ብዙ ሰው ሲታረም ቢያንስ ትንሽ ወደ እውነቱ ጠጋ ይላል። የቅዳሜው ነገር የተበላሸው ስላረማት አይመስለኝም፣ በጎረቤት ፊት ስላረማት እንጂ።

ሲስተር

ነርስ ነኝ። አንድ ጥያቄ፦ የጎረቤታችሁ ምራት ዕድሜዋ ስንት ነው?

የፒያሳው (ጠያቂ)

27 ወይ 28 ትሆናለች ሲስተር።

ሲስተር

እንግዲያው የተወጋችው ይሄን ክትባት አይደለም። በአገራችን ዘመቻው የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው፣ ያኔም የተሰጠው ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር። የዚያን ጊዜዋ የ14 ዓመት ልጅ ዛሬ ገና 20ዎቹን ብትጀምር ነው። አንድ ልጅ ወልዳ ጤና ጣቢያ የሄደች ሴት ብዙ ጊዜ የምትወጋው የሦስት ወር መርፌውን ነው፣ የእርግዝና መከላከያውን። እሱ ደግሞ ካቆሙት በኋላ እርግዝናን ሊያዘገይ ይችላል። ብዙ ወር ይወስዳል፣ አንዳንዷ ላይ ከዓመትም ያልፋል። መካን ግን አያደርግም። እርግጠኛ መሆን የምትችለው እሷው ናት፣ እናንተ ሄዳችሁ እንዳትጠይቋት አደራ፣ የሴት ገመና ነው። ደግሞስ ባልየውን ማን መረመረው? እኛ አገር ሁሌ ጥፋቱ የሴቷ ነው።

ክትባቱ ራሱ ምን ይሠራል ካልከኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ስዊድን ውስጥ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ወጥቷል። 17 ዓመት ሳይሞላቸው የተከተቡት ላይ የማህፀን በር ካንሰር አደጋው በ88 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ይሄን ለአንተ ነው የነገርኩህ። እቴቴ ጋ ሄደህ ስዊድን እንዳትላት።

የማራኪ ተማሪ

ሲስተር የተናገሩት ነገር ዋናው ነው፣ ለምን እንደሆነ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ሌላ ጥናት ነው። ሰዎች ስለ አንድ የመጋዘን እሳት ያነባሉ። መጀመሪያ "ቁምሳጥኑ ውስጥ ቀለምና የጋዝ ሲሊንደር ነበር" ይባላሉ። ቆየት ብሎ "ይቅርታ፣ ቁምሳጥኑ ባዶ ነበር" ይባላሉ። እርማቱን ሰምተዋል፣ ሲጠየቁም ያስታውሱታል። ግን የእሳቱ ጭስ ለምን ወፍራም ሆነ ሲባሉ ያንኑ ቀለም ይጠራሉ! ቀለሙን በደንብ የተዉት ሌላ ምክንያት ሲሰጣቸው ነው፣ እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ተገኘ ሲባሉ።

"ውሸት ነው" ስትላት ቁምሳጥኑን ባዶ አደረግክባት። ምራቲቱ ለምን አልወለደችም የሚለው ጥያቄ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። የሦስት ወር መርፌው ያንን ቦታ ይይዝልሃል።

ስትነግራት ከእውነቱ ጀምር። ወሬውን አንዴ ብቻ ጥራው፣ የት ጋ እንደተሳሳተ ንገራት፣ ከዚያ ተመልሰህ እውነቱ ላይ ጨርስ።

እናት ዓለም

ልጄ፣ እኔ ጥናት አላውቅም፣ ግን እንደ አክስትህ ያለሁ ሴት ነኝ። አንተ ያየኸው ድምፁን ነው። እሷ የሰማችው "ልጅሽ ዘር አይኖራትም" የሚለውን ነው። አንዲት ሴት ልጅ ያላት እናት ይሄን ሰምታ እንዴት ትተኛ? ድምፁን ለሰው የምታስደምጠው እኮ ክፉ ሆና አይደለም፣ ለሰው ልጅም ብላ ነው።

ብቻዋን ስትሆን ሂድ። አስቀድመህ ይቅርታ በላት፣ ስልክህን ኪስህ ውስጥ ተወው። ምን እንደሚያስፈራት ጠይቃትና ዝም ብለህ ስማት። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባል የለ፣ መላውን ራሷ ትጨምርበት፣ አንተ አትቅደማት። ደግሞ ጎንደር እኮ ናት፤ የጤና ኮሌጁ በ1947 የተከፈተው ጤና መኮንን ለማሠልጠን ነው። በየዕድሩ፣ በየጽዋው ማኅበር አንድ ጡረተኛ አይጠፋም። ከአንተ አፍና ከእሳቸው አፍ የሚወጣው አንድ ቃል ቢሆንም ሚዛኑ አንድ አይደለም።

ሲስተር

እማማ ልክ ናቸው። ይሄ ወሬ ደግሞ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ናይጄሪያ ካኖ ውስጥ የፖሊዮ ክትባት መካን ያደርጋል ተብሎ ለወራት ቆሞ ነበር። ቫይረሱ ከዚያ ተነስቶ ብዙ አገር አዳረሰ፣ በሱዳን በኩል ወደ እኛም ገባ። ካኖዎች ክትባቱን መልሰው የተቀበሉት ከሙስሊም አገር፣ ከኢንዶኔዥያ እንዲመጣላቸው ከተደረገ በኋላ ነው። የሚያምኑት እጅ ሲያቀርብላቸው ማለት ነው።

የፒያሳው (ጠያቂ)

ተመለስኩ። ማክሰኞ ማታ ግማሽ ኪሎ ቡና ይዤ ሄድኩ። ይቅርታ አልኳት። መጀመሪያ አላየችኝም፣ ቡናውን መልቀም ጀመረች። ዝም ብዬ አብሬያት ለቀምኩ። ብዙ ቆይታ "ልጄ ወግ ማዕረግ ሳታይ ብትቀር በማን ልፈርድ ነው?" አለችኝ። ለካ ከድምፁ በላይ ያስፈራት ነገር ቢደርስ "ፈቅደሽ ያስወጋሻት አንቺ ነሽ" መባሉ ነው። ይሄ በሐሳቤም አልነበረም።

ምራቲቱን አላነሳሁም። ክትባቱ የተጀመረው በ2011 ነው፣ ለ14 ዓመት ልጆች ነበር፣ ብዬ አቆምኩ። እቴቴ እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። በጣቷ ቆጠረች። "2011… ያኔ እኮ እሷ ልጅ አዝላ ነበር!" አለች። ሒሳቡን ራሷ ሠራችው! ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሰው የሚሰማን ይመስል፣ "የሦስት ወሩን ነው እንዴ የተወጋችው?" ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት፣ እውነትም አላውቅም።

እሺ አላለችም። የጽዋ ማኅበሯ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ ጤና መኮንን አሉ፣ ቅዳሜ ቡና ጠርታቸዋለች። "እሳቸው ካሉኝ አያለሁ" ብላለች። ድምፁን ከስልኳ አላጠፋችውም። ትላንት ግን ሁለት ጎረቤቶች መጥተው እስከ በረካ ሲጠጡ አልከፈተችውም።

የአዘዞው

እንዲያው የቡናው ለቀማ ለአባቴም ይሠራ ይሆን?

ሲስተር

@የፒያሳው፣ ቅዳሜ ምን እንዳሉ ንገረን። ከተስማማች ልጅቷ ቁርሷን በልታ ትሂድ፣ ከተወጋች በኋላም ቢያንስ 15 ደቂቃ ቁጭ ትበል። በዚህ ዕድሜ መርፌ ሲያዩ ራሳቸውን የሚስቱ አሉ። አንዷ ልጅ ሰልፍ ላይ ብትወድቅ በማግስቱ የ5 ደቂቃ ድምፅ ይመጣልሃል።