አተነፋፈስን ለ3ኛ ክፍል ልጆች በምን ላሳያቸው?

ጠያቂ (ደሴ)፦ «ሳንባ አየር ይስባል» ስላቸው ሳንባው ራሱ እንደ ወናፍ የሚሠራ ጡንቻ ይመስላቸዋል። ቤተ ሙከራ የለንም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስና ሁለት ፊኛ ይበቃል። የጠርሙሱን ታች ቁረጪ። አንዱን ፊኛ ወደ ውስጥ አስገብተሽ አፉን በጠርሙሱ አፍ ላይ ገልብጪው። የሁለተኛውን አንገት ቆርጠሽ ጣዪና ቀሪውን በተቆረጠው በኩል ወጥረሽ በፕላስተር እሰሪው፤ እሱ ድያፍራም ነው፣ ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፤ ውስጥ ያለው ፊኛ ደግሞ ሳንባ ነው። ወደ ታች ሲሳብ የጠርሙሱ ውስጥ ይሰፋል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ አየር ከውጭ ገብቶ ላይኛውን ፊኛ ይነፋዋል። ሳንባ ጡንቻ እንዳልሆነ የሚገባቸው እዚህ ላይ ነው።

መልስ፦ ስስ ሃይላንድ አይሆንም፣ ሲሳብ ጎኑ ይሰረጉዳል። ጠንከር ያለ የለስላሳ ጠርሙስ ይሻላል። የተቆረጠውን ጠርዝ በፕላስተር ሸፍኚው፣ አለዚያ ፊኛውን ይቀደዋል። ካልተነፋልሽ አየር የሚያሾልክ ቦታ አለ ማለት ነው።

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ ፊኛው ግን አንድ ነገር ያሳስታል፦ ሳንባ ባዶ ከረጢት ሳይሆን እንደ ስፖንጅ ነው። ለዐረፋም ሆነ ለፋሲካ በግ ሲታረድ ቁራጭ ሳንባና ቁራጭ ጉበት ውኃ ውስጥ ጨምሪላቸው፤ ሳንባው ይንሳፈፋል፣ ጉበቱ ይሰምጣል። ውኃ የቋጠረ እባጭ ያለበትን ሳንባ ልጆች አይንኩት፣ ለውሻም አይጣል፤ የኮሶ ዓይነት ትል የሚዛመተው በዚያ ነው። ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።